ፎቶግራፍ ያሳያል እንጂ አይተርክም፦ ሦስት የመኪና እሽቅድምድም ፎቶግራፎችና ታሪካቸው

ባለፈው ዓመት የስፖርት በዓላችን ፎቶግራፎች በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው እንደ ነበር የክፍል ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ አንዱ አንድ ሯጭ መሬት ላይ ወድቆ፣ ሌላ ተማሪ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ሲሄድ ያሳያል። ያን ተማሪ ብዙዎቻችን «ጨካኙ» አልነው፤ ለብዙ ቀንም ቅጽል ስሙ ይኸው ሆነ። እኔም ከተሳለቁበት አንዱ ነበርሁ። በኋላ የወደቀው ልጅ ራሱ እንደ ነገረን ግን፣ ያ ተማሪ ይሮጥ የነበረው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ለማምጣት ኖሯል። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ ነገር ግን ታሪኩን አልጨረሰም።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የመኪና እሽቅድምድም ወዳጅ ነኝ። ስለዚህ ከዚሁ ስፖርት ሦስት የታወቁ ፎቶግራፎችን መርጬ፣ ዓይን የሚያየው ከታሪኩ ምን ያህሉን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቼ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ. የዘመመው ጎማ

የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ያነሣው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1894 ተወልዶ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በፈረንሳይ ታላቅ የመኪና እሽቅድምድም ላይ ተገኘ። በፎቶግራፉ ላይ ቁጥር 6 የተጻፈባት መኪና ትታያለች። የመኪናዋ ፊት ከፎቶግራፉ ውጭ ቀርቷል፤ የኋላ ጎማዋ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ወደ ፊት ዘሟል፤ በመንገዱ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ ወደ ኋላ የተጋደሙ ይመስላሉ።

በእውነት ጎማው ክብ ነበር፤ ተመልካቾቹም ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ታዲያ ይህ እንዴት ሆነ? በዚያ ዘመን በነበረው ካሜራ ውስጥ ጠባብ ስንጥቅ ያለው መጋረጃ በመስታወቱ ፊት ከላይ ወደ ታች ያልፋል። ምስሉ በካሜራው ውስጥ ተገልብጦ ስለሚያርፍ አስቀድሞ የሚቀረጸው የጎማው ታች፣ በመጨረሻ የሚቀረጸው የጎማው ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት መኪናዋ ወደ ፊት ስለ ሄደች ጎማው ዘመመ። ላርቲግም መኪናዋን ለመከተል ካሜራውን ያዞር ስለ ነበር፣ የቆሙት ሰዎች በተቃራኒው አቅጣጫ ተጋደሙ። ዛሬም ከሚሄድ አውቶቡስ መስኮት በስልክ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው የመብራት ምሰሶዎች ዘመም ብለው ቢያይ ምክንያቱ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው።

ይህ ፎቶግራፍ ለብዙ ዓመታት እንደ ተበላሸ ሥራ ተቆጥሮ ኖረ። ላርቲግ ወደ 70 ዓመት ሲጠጋ፣ በ1963፣ ሥራዎቹ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ቀረቡ። ዛሬ ስለ ፍጥነት ሲነሣ ከሚጠቀሱት ፎቶግራፎች አንዱ የዘመመው ጎማ ነው።

፪ኛ. ሁለቱ ጥቁር ፊቶች

ሁለተኛው ፎቶግራፍ የተነሣው ሜይ 1 ቀን 1955 በኢጣሊያ ነው። ሁለት እንግሊዛውያን ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ፣ መነጽር በሸፈነው በዓይናቸው ዙሪያ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያሉ። አንደኛው ስመ ጥሩው ነጂ ስተርሊንግ ሞስ ነው። ጢማሙ ጓደኛው ዴኒስ ጄንኪንሰን ደግሞ ጋዜጠኛ ነበር።

ውድድሩ ሚሌ ሚሊያ ይባላል። ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮማ ደርሶ ወደ ብሬሺያ የሚመለስ ሲሆን፣ ርቀቱ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚነዳውም በሕዝብ መንገድ ላይ ነበር። በመርሴዲስ መኪናቸው ላይ የተጻፈው 722 የሚነሡበትን ሰዓት ያመለክታል፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው። ጄንኪንሰን አስቀድሞ መንገዱን አጥንቶ፣ ጠመዝማዛውንና አደገኛውን ሁሉ በረጅም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን እንደ ጥቅልል በሣጥን ውስጥ አድርጎት ነበር። የሞተሩ ጩኸት መነጋገርን ስለሚከለክል ለሞስ የሚያስታውቀው በእጁ ምልክት ነው። በመንገድ ላይ ሆዱ ታውኮ ሲያስመልሰው ነፋሱ መነጽሩን ወሰደበት፤ ሌላ መነጽር ይዞ ስለ ነበር ሥራውን ቀጠለ። ጉዞው 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ፈጀ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ሆነ። አሸነፉም።

ፎቶግራፉን ያየ ሰው ነጂውን ያደንቃል። ያ ወረቀት ግን አይታይም። ተማሪ ፈተና ሲያልፍም ከበስተኋላው ያለው የመምህርና የወላጅ ድካም እንዲሁ ነው።

፫ኛ. ብቻውን የታገለው ሰው

ሦስተኛዎቹ ተከታታይ ፎቶግራፎች ናቸው። ጁላይ 29 ቀን 1973 በሆላንድ፣ በባሕር ዳር በምትገኘው ዛንድቮርት በተደረገው የፎርሙላ 1 እሽቅድምድም፣ የ25 ዓመቱ ሮጀር ዊልያምሰን መኪና ተገልብጣ በእሳት ተያያዘች። ሌላው ተወዳዳሪ ዴቪድ ፐርሊ መኪናውን አቁሞ፣ መንገዱን ሮጦ ተሻግሮ፣ የተገለበጠችውን መኪና በእጁ ሊያቃና ታገለ፤ የእሳት ማጥፊያም አንሥቶ ረጨ። በቦታው የነበሩት ሠራተኞች እሳት የሚከላከል ልብስ ስላልነበራቸው ሊጠጉ አልቻሉም። ውድድሩም አልቆመም። ዊልያምሰን መውጣት ሳይችል እዚያው ሞተ።

በፎቶግራፎቹ ላይ ፐርሊ ብቻውን ሲጨነቅ የሚያይ ሰው፣ «እነዚያ በአጠገቡ የሚያልፉት ነጂዎች እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው?» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ብዙዎቹ ነጂዎች ፐርሊን ከእሳቱ አጠገብ ቆሞ ሲያዩት የተቃጠለችው መኪና ነጂ መሰላቸው፤ በሰላም የወጣ መስሏቸውም አለፉ። ጥፋቱ በዋናው ውድድሩን ባለማቆሙና ለእሳት ባለመዘጋጀቱ ነበር። ፐርሊ ስለ ጀግንነቱ የእንግሊዝን የጆርጅ ሜዳልያ ተሸለመ፤ ሜዳልያው ግን ወዳጁን አልመለሰለትም።

እንግዲህ ከሦስቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ካሜራ የሚይዘው አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያች በፊትና በኋላ ያለውን ሊነግረን የሚችለው እዚያ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አይተን በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቅ።

ያ የእርዳታ ሣጥኑን ሊያመጣ የሮጠው ጓደኛችንም ይህን ጽሑፍ እንደሚያነብ አውቃለሁ። በሰጠነው ስም ከተሳለቁት አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ፣ በአንባቢዎቻችን ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።