ኢታንግ ላይ ወይን ቢተከልስ?

ጋምቤላ ውስጥ ባለችው ኢታንግ ወይን አይበቅልም ማለት አይቻልም። የባሮ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፣ ፀሐይም አትታማም፤ ግንዱ ይለመልማል፣ ዘለላም ያንጠለጥላል። ከዚያ ዘለላ ደህና ቀይ የወይን ጠጅ ማውጣት ግን ዘበት ነው። ጣጣው ደግሞ ከቀኑ ይልቅ በሌሊቱ ይብሳል።

የወይን ፍሬ ሲበስል ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ፍሬው ይጎርፋል፤ ፍሬውም ሲተነፍስ ማሊክ የተባለውን አሲድ ያቃጥላል። ትንፋሹ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፣ ጀንበር ጠለቀች ብሎም አያቆምም። ከፍታው 500 ሜትር በማይሞላው ኢታንግ ሌሊቱም ስለሚወብቅ ስኳሩ ሲሞላ ጎምዛዛነቱ ያልቃል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ ስለዚህ መጠጡ ያሰክራል፣ ለዛ ግን የለውም። ቀለሙም ይደበዝዛል፤ ከልጣጩ የሚወጣው ቅላት የሚደምቀው አሲድ ሲኖር ነውና።

ባቱ (ዝዋይ) ከፍታው 1,640 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ከኢታንግ ይልቅ ከሰባት ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የወይን ዝርያዎች የተከለው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ዋሉ። 

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የመከርከሚያው መቀስ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግንዱን የሚያስተኛው ብርድ ነው። በእኛ አገር ግንዱ እንቅልፍ አያውቅም፤ ካልተከረከመ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ያፈራል። ስለዚህ ዓመቱን የሚያስጀምረው ከርካሚው ነው። ከክርከማ እስከ ለቀማ አምስት ወር ገደማ ነውና ሐምሌ መጨረሻ የተከረከመ ግንድ ፍሬው ታኅሣሥ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ሌሊቱ ሲበርድ ይደርሳል። ጥር ላይ የተከረከመው ግን በበልግ ዝናብና በክረምት ደመና መካከል ይያዛል።

በፈረንሳይዋ ቡርገንዲ ዓመቱ መቼ እንደሚጀምር የመምረጥ ዕድል የለም፤ ያለው የለቀማው ቀን ብቻ ነው። በዚያው በቦን ከተማ የለቀማ ቀን እ.ኤ.አ. ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቧል፤ ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀደመው አማካይ በ13 ቀን ያህል ቀድሟል። በ2003ቱ ሙቀት ነሐሴያቸው ሳይወጣ ለቀሙ፤ አሲድ ለመጨመር የተገደዱም ነበሩ። ቀን በመቁጠር ዓመቱን ማዳን እንደማይቻል ያኔ ታየ።

ቀሪው ሥራ የጓዳው ነው። የቡርገንዲው ቀይ ወይን ፒኖ ኗር ልጣጩ ስስ ነው፣ ቀለሙም ትንሽ፤ ስለዚህ ጠማቂው አያስጨንቀውም። መብላላቱ ሲጀምር ጋዙ ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶ እንደ ክዳን ያቆመዋል፤ ሠራተኛው በእንጨት ወይም በእግሩ እየደፈቀ ያርሰዋል። አንዳንዶች ዘለላውን ከነአገዳው ይከቱታል፤ ጌሾ ለጠጅ እንደሚሰጠው ሁሉ አገዳውም ምሬትና ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ያልበሰለ ከሆነ ግን የሣር ጣዕም ያመጣል። ከዚያ ወይኑ 228 ሊትር በሚይዝ የባሉጥ በርሜል ይገባል። እዚያ ባክቴሪያዎች ማሊኩን ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ሰው በርሜል ውስጥ ሲፈልግ የሚያለዝበውን አሲድ፣ ኢታንግ ላይ ሙቀቱ ሳይጠየቅ ግንዱ ላይ ይጨርሰዋል።

ታዲያ ከኢታንግ ወጥቶ ወደ ጋምቤላ ደጋማ ጫፍ፣ ወደ መዠንግር ጎደሬ መውጣት አያዋጣም? ሙቀቱስ ይቀንሳል። ነገር ግን እዚያ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ቅጠሉም ፍሬውም በሻጋታ ያልቃል። በመድኃኒት መከላከል ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ቡናና የጫካ ማር የሚሰጥ ደን እያለ ያንን የሚሞክር ሰው ስሌቱን ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።