ባዶውን ሳይለኩ ሙሉውን መለካት

ማር በማሰሮ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የባዶውን ማሰሮ ክብደት ካላወቀ፥ የሸክላውን ዋጋ ከማሩ ጋር አብሮ መክፈሉ አይቀርም። ይህ የገበያ ብልኅነት እጅግ ረቂቅ በሆነው በኤሌክትሪክ ሞገድ ልክ ውስጥም እንደሚያስፈልግ ለወጣት አንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንወዳለን።

ቴፍሎን፥ ኳርትዝና አንዳንድ ሴራሚኮች የሬዲዮ ሞገድ ሲያልፍባቸው ከኃይሉ የሚያባክኑት እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በቴሌኮሙኒኬሽንና በራዳር መሣሪያዎች ውስጥ ተፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ይኸው መልካም ጠባያቸው ለመለካት አስቸጋሪ ያደርጋቸዋል፤ ሞገዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍባቸው የባከነው ኃይል ከመለኪያው ስሕተት ያንሳልና።

መፍትሔው ሬዞናንስ የሚባለው ነው። በአምባሰል ወይም በባቲ የተቃኘ የክራር ጅማት አንድ ጊዜ ሲመታ በራሱ ድምፅ ደጋግሞ ይርገበገባል። በመዳብ ሣጥን ውስጥ የገባ ሞገድም እንዲሁ ለሣጥኑ መጠን በሚስማማው ድግግሞሽ ላይ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል፤ በየምልልሱ የሚባክነውም ጥቂት ኃይል ተጠራቅሞ ይታያል።

በሴኮንድ አንድ ጊዜ መርገብገብ አንድ ሄርዝ ይባላል፤ ስያሜውም የጀርመናዊው ሊቅ የሃይንሪክ ሄርዝ መታሰቢያ ነው። ትንሽ ናሙና ወደ ሣጥኑ ሲገባ ሁለት ነገር ይለወጣል። የሬዞናንሱ ድግግሞሽ ዝቅ ይላል፤ ስፋቱም ይጨምራል። ናሙናው ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ከመጀመሪያው፥ ምን ያህል እንደሚያባክን ከሁለተኛው ይሰላል። የዚህን ስሌት መሠረት ሐንስ ቤቴና ጁልያን ሽዊንገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1943 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ጽፈውታል።

የማሰሮው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በደሴ፥ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በኮምቦልቻ ይገኛል። አንድ ተማሪ በ10 ቢሊዮን ሄርዝ የሚሠራ፥ አየር የሚገባበት የመዳብ ሣጥን ባዶውን ደሴ ላይ ለካ፤ ከዚያም ሐረጎን ወርዶ ናሙናውን ኮምቦልቻ ላይ ለካ እንበል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር፥ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ አላቸው። ዝቅ ባለው ስፍራ አየሩ ጠበቅ ያለ ስለሆነ፥ እርጥበቱ ሳይቆጠር እንኳ፥ ድግግሞሹ በግምት 150 ሺህ ሄርዝ ይወርዳል። መዳቡም 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ስለሚለጠጥ ሌላ 170 ሺህ ያህል ይወርዳል። እንግዲህ ናሙናው ራሱ ያወረደው 3 ሚሊዮን ሄርዝ ቢሆንና ኮምቦልቻ ከደሴ በ5 ዲግሪ ቢሞቅ፥ ስሕተቱ ከመቶ 30 ይበልጣል። ከዚህም ሌላ የሞቀ መዳብ ራሱ የሚያባክነው ኃይል ስለሚጨምር፥ የግድግዳው ጥፋት በናሙናው ይመካኛል።

ተማሪው ሆን ብሎ አልዋሸም፤ ነገር ግን የሐረጎን ቁልቁለት የቴፍሎን ጠባይ አድርጎ ጽፎታል። በዚህ ቁጥር ተማምኖ ዕቃ የሚያዝ ሹምም ለመሥሪያ ቤቱ የማይስማማ መሣሪያ ይገዛል፤ የሚጠፋውም የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ባዶውን፥ ቀጥሎ ናሙናውን፥ በመጨረሻም እንደገና ባዶውን በአንድ ስፍራና በአንድ ሙቀት መለካት ይገባል። ሁለቱ የባዶ ልኮች ካልተስማሙ በመካከላቸው ያለውን ቁጥር ማመን አይገባም። ከውጤቱም ጎን የቦታው ከፍታ፥ ሙቀቱና እርጥበቱ ይጻፍ። ይህን የለመደ ወጣት ውድ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ የሚታመን ቁጥር ይኖረዋል።