ምሕረት በቃሊቲ መንገድ፦ «ጠየቀ» ስለሚለው ግሥ

ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ የፊደል ስሕተት ነው። ተማሪዎቼ «ምሕረት»ን በሃሌታው «ህ» ይጽፋሉ፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ አርመዋለሁ። በግእዝ በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈው «መሐረ» ይቅር አለ፣ ራራ ማለት ሲሆን በሃሌታው «ሀ» የሚጻፈው «መሀረ» አስተማረ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች ስለ ጣላቸው ዛሬ «ተማረ» ስንል ዕውቀት አገኘ ማለታችንም፣ ምሕረት አገኘ ማለታችንም ሊሆን ይችላል።

ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን «ጠየቀ» የሚለው ግሥ ነው። ያላወቀውን ለማወቅ የሚሻም፣ እስረኛን የሚጎበኝም በአማርኛ ያው «ጠያቂ» ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተዘረዘሩትን የምሕረት ሥራዎች መምህራኖቻችን «ስድስቱ ቃላተ ወንጌል» ይሏቸዋል፦ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመንና የታሰረን መጠየቅ። በአምስቱ ተቀባዩን እንደ ንጹሕ ልናስበው እንችላለን። በስድስተኛው ግን ይህ ምቾት የለንም፤ ወንጌሉ በግፍ የታሰረውን ብቻ ለይቶ አላነሣምና።

በአቃቂ ቃሊቲ ይህ ስድስተኛው ቃል አድራሻ አለው። ቃሊቲና ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚያስበው ማረሚያ ቤት ነው። «ዓለም በቃኝ» የተባለው የድሮው ከርቸሌ ግን መሀል ከተማ፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ከቆመበት ስፍራ ነበር። እስር ቤቱ ወደ ዳር ሲወጣ የመጠየቅ ዋጋ ጨመረ። ስንቅ የያዘች እናት አሁን የምትከፍለው የትራንስፖርቱን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቀኗንም ጭምር ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 እስረኛ በዘመዶቹ፣ በጓደኞቹና በሃይማኖት አማካሪዎቹ የመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጎብኚው እንዲመጣ ግን ሕግ ሊያዝዝ አይችልም።

ሕጋችን «ይቅርታ»ንና «ምሕረት»ንም ይለያል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቅርታ ቅጣትን የሚያስቀር ወይም የሚያቀልል ሲሆን ጥፋተኛነቱ ተመዝግቦ ይቆያል፤ ምሕረት ግን ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያስቆጥራል። እንደ እኔ ግምት ሰፈሮቻችን የሚሰጡት፣ ከሰጡም፣ የመጀመሪያውን ነው። ተፈትቶ የመጣውን እንኳን ለቤትህ አበቃህ እንለዋለን፤ ቡናም እናጠጣዋለን። ቤት ሲከራይ ወይም ለሥራ ዋስ ሲፈልግ ግን ስልካችን አይነሣም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አላቃልለውም። የተበደለውስ? ልጁ የተገደለበትን አባት ወክዬ እኔ ይቅር ማለት አልችልም፤ እስረኛ ስጠይቅም ይህን ሥልጣን ለራሴ አልወስድም።

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስጨነቀኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውየው 78 ነፍስ በልቷል፤ በእመቤታችን ስም ለተለመነው ጥርኝ ውኃ ሲል ይማራል። ርካሽ ምሕረት ይመስላል። ቆይቶ የገባኝ ነገር ግን በተራኪው ዘንድ 78ቱ አልተረሱም፤ በሚዛኑ አንድ ወገን ተቆጥረው ተቀምጠዋል። ውኃው የሚመዘነው እነርሱ ባሉበት ነው። የሟቾቹን ቁጥር ደብቆ ስለ ጥርኙ ብቻ የሚሰብክ ሰው ታሪኩን ገምሶታል።

ስለዚህ ለማኅበሮቻችን የማቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው። በየማረሚያ ቤቱ «ጠያቂ የለውም» የሚባል እስረኛ አለ፤ ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው፣ ወይም አፍረውበታል። የጽዋ ማኅበር አባላት በወር አንድ ጊዜ ተራ ገብተው፣ የሥርዓቱን ፈቃድ አግኝተው፣ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ይጠይቁ። ሳሙናና በሶ ይያዙ። ከዚያም በግሡ ሁለተኛ ትርጉም ይጠይቁት፦ ስትወጣ ማን ይቀበልሃል?