ያጠራቀሙትን መብላት

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወርዶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን የተሻገረ ሰው የሚገባው ማጠራቀምን ጠንቅቆ ወደሚያውቅ ሰፈር ነው። መርካቶ በዕቁቡ፣ በዱቤው፣ በዋሱና በሽርክናው ባዶ እጁን የመጣን ጎረምሳ ባለሱቅ ማድረግ ይችልበታል። የማይችልበት አንድ ነገር አለ፦ ያው ጎረምሳ ሰባ ዓመት ሲሞላው ያፈራውን ሀብት ሳይሳቀቅና ሳያባክን፣ በልኩ እየቆረሰ እንዲኖርበት ማድረግ። ስለ እርጅና ኑሮ ሲነሳ ምክሩ ሁሉ "ቆጥብ" የሚል ነው። ለደሃው ምክሩ ዛሬም ይሠራ ይሆናል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጥብ ለኖረው ነጋዴ ግን ጊዜው አልፎበታል። እሱ የሚያስፈልገው ጥሪቱን ወደ ወር መተዳደሪያ የሚለውጥበት ሥርዓት ነው። ሳይበሉት የቀረ ሀብትም ቀድሞ ካለቀ ሀብት እኩል የዕቅድ ጉድለት መሆኑን ደፍሮ የሚነግረው የለም።

የመንግሥት ሠራተኛውንና ነጋዴውን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ነገሩ ይገለጣል። የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ በዓዋጅ ቁጥር 209/1955 መልክ ያዘ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው በዓዋጅ ቁጥር 715/2003 ተካተተ፤ በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም አዲስ ዓዋጅ ወጣላቸው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ የሚሰናበት ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታሰብለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት የሠራና አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ ሰው እንግዲህ በወር 5,500 ብር ይደርሰዋል። በዛሬ ገበያ ይህ ትንሽ ነው። ቢሆንም በየወሩ ይመጣል፣ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ አይቋረጥም፣ ሲሞትም ግማሹ ለትዳር ጓደኛው ይተርፋል። ጡረተኛው ብሩን ሲያወጣ ማንንም አያስፈቅድም፤ ከውርስ ላይ ቆርሶ የበላ ያህልም አይሰማውም።

የመርካቶው ነጋዴ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሀብት አለው፣ ወርሃዊ ገቢ የለውም። ዕቁቡን ብናይ፣ ሰብሳቢው በየሱቁ እየዞረ ብሩን ይለቅማል፤ ዕጣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ጠቀም ያለውን ገንዘብ ባንድ ጊዜ ይወስድና ዕቃ ያስገባበታል። ዕቃው ተሽጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ጥቃቅኑን ሰብስቦ ትልቅ በማድረግ ዕቁብን የሚያህል የለም፤ ትልቁን መልሶ በየወሩ የሚመነዝር ተቋም ግን በሰፈሩ አልተፈጠረም። የሕግ ታሪካችንም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዓዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በቤት ኪራይ ለማርጀት ያሰበው ትውልድ መሬቱ ከእግሩ ሥር ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ለብዙው ሰው አስተማማኙ ቁጠባ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ሆነ፦ ጣቃ፣ ወርቅ፣ በመጋዘን የተቆለለ ሸቀጥ።

ይህ ፍርሃት ምክንያት የለሽ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ሳለ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው 107,000 ያገኛል፤ በ100,000 ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130,000 ገብቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ነጋዴው ብርን አለማመኑ ልክ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ሸቀጥም የራሱ መዘዝ አለው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሳው እሳት ብዙ ሱቆችን ከነዕቃቸው ሲበላ፣ ለሰው ሁሉ የታየው የንግድ ኪሳራው ነበር። ኢንሹራንስ ላልገባና ዕድሜው ለገፋ ባለሱቅ ግን እዚያ የተቃጠለው ጡረታው ጭምር ነው፤ እንደገና ለማፍራት የሚበቃ ዕድሜ የለውማ።

"ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ብለን እንመርቃለን። ከሁለቱ ለቀባሪው የተሟላ ድርጅት አቁመናል። እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህኑን ገዝቶ ዕቃ ቤት አስቀምጧል፤ ጥሩምባ ነፊው ተቀጥሯል፤ ወርሃዊ መዋጮው በደብተር ይያዛል፤ መተዳደሪያ ደንቡ ለማን ስንት እንደሚከፈል ይደነግጋል። ለጧሪው ያለን ግን የልጅ ደግነት ብቻ ነው። ብዙ ሀብት በስሙ እያለ ለመድኃኒት የልጁን እጅ የሚያይ ሽማግሌ የሚገኘውም ከዚህ የተነሳ ነው። ጥርሱን ሳያሠራ፣ ዓይኑን ሳይታከም የኖረ ሰው ሲሞት ለተዝካሩ ሰንጋ ይጣላል፤ ወራሾቹም ንብረቱን ለመካፈል ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ።

"ገንዘቡ ቀድሞኝ ቢያልቅስ?" የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ስልሳን የተሻገረ ሰው ሌላ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ስንቱን እንደሚኖር ግን አያውቅም። አሜሪካዊው የፋይናንስ አማካሪ ዊልያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 የአገሩን የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ አስልቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጥሪት 4 በመቶ አውጥቶ በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ ከፍ የሚያደርግ ሰው ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚያቆየው አሳየ። ያንን ቁጥር ወደ መርካቶ ማምጣት ሞኝነት ነው፤ የእኛ የዋጋ ንረትም የእኛ ገበያም ሌላ ናቸው። ከቤንገን የምንወስደው በፍርሃት ፈንታ በሂሳብ መመራትን ነው። የዕለት ኑሮ፣ ማለትም ምግብ፣ መድኃኒት፣ መብራት፣ ዋጋ ሲጨምር አብሮ በሚጨምር ገቢ መሸፈን አለበት፤ ለዚህ ከሸቀጥ ይልቅ የሱቅ ወይም የክፍል ኪራይ ይሻላል። ለድንገተኛ ሕመም የአንድ ዓመት ወጪ በባንክ ይቀመጥ፤ ዋጋው ቢቀንስም በተፈለገበት ሰዓት ይገኛል። ከዚህ የተረፈው የወራሽ ነው። ሂሳቡ በየዓመቱ ይታይ። እንዲህ ያሰበ ሰው ገንዘቡ እንዳያልቅበት በጭፍን ከሚሰስት ሰው ይልቅ ከማለቁ አደጋ የራቀ ነው፤ የሚሰስተው ስንት እንዳለውና ስንት እንደሚበቃው ለክቶ አያውቅምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልጆች ነገር ነው፤ ወላጅ ለልጁ ማውረስ ወጉም ደስታውም ነው። ወጉን ማንም አይነካም። ግን ለልጅ ከሚተላለፉ ሸክሞች ከባዱ ገቢ የሌለው ወላጅ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በዓዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ራሱን የቻለ አባት እንግዲህ ከልጁ ላይ ዕዳ አነሳ ማለት ነው። በሕይወት ሳለ ቤቱን ለልጁ መስጠት የሚፈልግም ቢሆን ባዶ እጁን መቅረት የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የአላባ መብት የሚባል ነገር ያውቃል፦ ባለቤትነቱ ለልጅ ተላልፎ፣ በቤቱ የመኖሩና ኪራዩን የመሰብሰቡ መብት ከወላጅ ጋር ይቆያል። መፍትሔው በሕግ ተጽፎ ሳለ ብዙ ወላጅ ወይ ሁሉንም ሰጥቶ ተመጽዋች ይሆናል፣ ወይ ምንም ሳይሰጥና ሳይናዘዝ ያልፋል።

"ነጋዴ ጡረታ አይወጣም" የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ሱቁ ለሽማግሌው መዋያውም፣ ክብሩም፣ ወዳጅ የሚያገኝበትም ነው። ሱቅ መዋል ግን ሀብቱን ሁሉ ሱቅ ውስጥ ማዋል አይደለም። ጉልበቱ ሲደክም ከዕቃው ከፊሉን እየሸጠ ወደ ቋሚ ገቢ የለወጠ ሰው ወንበሩን አይለቅም፤ የአንድ ሌሊት እሳት ወይም የአንድ ዱቤ መክሸፍ ግን ኑሮውን አይነሳውም።

ይህን ሁሉ በየግል ብልሃት ብቻ መወጣት ይከብዳል። የ2003ቱ ዓዋጅ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው በጡረታ እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር፤ ያ በር ገቢው ለሚዋዥቅ ባለሱቅ በሚመች አከፋፈል እየሰፋ ካልሄደ ደመወዝተኛውን ብቻ ያስተናግዳል። ባንኮችም ተቀማጭ ለመሳብ ሎተሪ ከሚያወጡ ይልቅ፣ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ተቀብለው ለዕድሜ ልክ በየወሩ የሚከፍሉበትን ውል ከኢንሹራንሶች ጋር ቢያዘጋጁ ደንበኛው እዚሁ መርካቶ ሞልቷል። ከሁሉም የቀረበው ግን እድሩ ነው። መዋጮው፣ ደንቡና የአባላቱ መተማመን ዛሬውኑ አለ። አንዳንድ እድሮች አረጋውያንን በመርዳት ጀምረውታል፤ የቀሩት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔያቸው ከመዋጮው ጥቂት እጅ ለታመሙና ለደከሙ አባላት ሕክምና እንዲውል ቢወስኑ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። አባሉ ዕድሜውን ሙሉ የከፈለው ገንዘብ ቢያንስ በከፊል እያየው ሊበላ ይገባዋል።