የፖሊሲ ተመራማሪን በፕሮጀክት ዕድሜ መቅጠር

በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ፖሊሲ ጥናት ዘርፍ የሚወጡ የቅጥር ማስታወቂያዎችን አከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ብዙዎቹ መደቦች በአንድ ፕሮጀክት በጀት የሚከፈቱ ናቸው፤ ኮንትራቱ በወራት ወይም በአንድ ዓመት ይገደባል፣ መራዘሙም በበጀቱ ላይ ይንጠለጠላል። ነገሩ የተቀጣሪው የሥራ ዋስትና ብቻ ቢሆን ለአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በተውነው ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ አገሪቱ ስለ ራሷ ኢኮኖሚ የምታውቀው ነገር በኮንትራቱ ልክ እየተቆራረጠ መቅረቱ ነው።

የፖሊሲ ውጤት ቶሎ አይታይም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ቤተሰቦችን በእርግጥ ከዕርዳታ ጠባቂነት አውጥቶ እንደሆነ ለማወቅ እነዚያኑ ቤተሰቦች ለዓመታት እየተመላለሱ መጠየቅ ግድ ይላል። የብር ምንዛሪም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ደመወዝተኛውን፣ ቡና አምራቹንና መድኃኒት ገዢውን በምን ያህል እንደነካ የሚነግረን፣ ከውሳኔው በፊት የነበረውን ኑሮ መዝግቦ የቆየ ባለሙያ ነው። መደቡ ከውሳኔው በኋላ ከተከፈተ ማነጻጸሪያው አምልጧል። ማነጻጸሪያችን ደግሞ ድሮውንም የሳሳ ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው።

በለጋሽ ገንዘብ የቆመ ጥናት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚወድቅ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለአሥርት ዓመታት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳን ሲደግፍ የኖረው መርሐ ግብር በአንድ ውሳኔ ቆመ።

መፍትሔው መንግሥት ተመራማሪዎችን በቋሚነት መቅጠሩ ነው። ለእነሱ የሚከፍለውን ገንዘብ ከየት ያመጣል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ደቡብ ኮሪያ የልማት ጥናት ተቋሟን በ1971 እ.ኤ.አ. ስታቋቁም ሀብታም አገር አልነበረችም፤ የአሜሪካ ዕርዳታም ነበረበት። ያንን ገንዘብ ግን ቋሚ ተቋም ለመትከል ተጠቀመችበት፤ በውጭ የተማሩ ዶክተሮቿንም ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ከፍላ ወደ አገር መለሰች። ስለዚህ ከገንዘቡ ምንጭ ይልቅ ገንዘቡ የሚውልበት ነገር ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ መንግሥት የቀጠረው ተመራማሪ መንግሥትን ከማወደስ አያልፍም የሚለው ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ሆኖም ኮንትራቱ በየዓመቱ የሚታደስለት ሰውም ቢሆን አዳሹን የሚያስቀይም ውጤት ለማውጣት አይደፍርም። ነፃነትን የሚጠብቀው የሥራው ውል ነው፦ ፓርላማ ለበርካታ ዓመታት ያጸደቀው በጀት፣ ባልተወደደ ግኝት ምክንያት ከሥራ አለመባረር፣ ጥሬ መረጃውንም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለማንኛውም አጥኚ የመልቀቅ ግዴታ። የመጨረሻውን ከሁሉ አስበልጣለሁ፤ መረጃው በሌሎች እጅ ከገባ፣ ያድበሰበሰ አጥኚ ስሌቱ በሌላ ሰው ስለሚፈተሽ መጋለጡ አይቀርም።

ጅማሮው ሰፊ መሆን የለበትም። የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ጋር በመሆን በሥራ አጥነት፣ በዋጋና በቤተሰብ ኑሮ ላይ ብቻ ጥቂት ቋሚ መደቦችን በግልጽ ውድድር ቢከፍት፣ ለቀጣዩ ትልቅ የፖሊሲ ለውጥ ማነጻጸሪያው ከወዲሁ መመዝገብ ይጀምራል።