የመኪናው ሰሌዳ ሲቀየር ቀስቱን ማን ይመልሰዋል?

መኪናዋ በአባት ስም ናት፤ የሚያሳምራት ግን ልጅ ነው። ወጣቶች ከሚወዷቸው ማሳመሪያዎች አንዱ ከመሪው ጀርባ ያለውን የፍጥነትና የነዳጅ ሰሌዳ አውጥቶ በነጭ፣ በቀይ ወይም በሌሊት በሚያበራ መተካት ነው። ዕቃው በኢንተርኔት የሚገዛ ስስ ፕላስቲክ ነው። ልጅዎ «ቀለም ብቻ እኮ ነው» ይልዎታል። ስለ ሰሌዳው እውነቱን ነው፤ ጣጣው ያለው ቀስቱ ላይ ነው።

ቀስቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት እጅ በቀጭን ዘንግ ላይ የተሰካ ነው። ሰሌዳውን ለመቀየር አብዛኛውን ጊዜ እሱን መንቀል ግድ ይላል። ሲመለስ ትንሽ ከተዛነፈ መኪናዋ 110 እየሮጠች 95 ልታሳይ ትችላለች። በአውሮፓ ደንብ የፍጥነት መቁጠሪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ እንጂ በታች ማሳየት አይፈቀድለትም፤ በትክክለኛ 100 ላይ እስከ 114 ቢያሳይ ያልፋል፣ 99 ቢያሳይ ግን ይወድቃል። ያልሠለጠነ እጅ ይህን በአንድ ደቂቃ ያበላሸዋል። የመንገድ ካሜራ ደግሞ የእርስዎን ቀስት አያይም። ቅጣቱ የሚመጣው በባለቤቱ ስም ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው መሆኑን ማስረዳትም የባለቤቱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት ሰሌዳው ለመኪናዋ ሞዴልና ዓመት የተሠራ መሆኑን ይጠይቁት። የናፍጣና የቤንዚን መኪና ሰሌዳ አንድ አይደለም። ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ በማይል ሊሆን ይችላል፤ 60 ማይል ወደ 97 ኪሎ ሜትር ነው።

ሥራውን የዳሽቦርድ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው፤ ዋጋውንም አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጥዎ። ጠንቃቃ ሠራተኛ መጀመሪያ ባትሪውን ይፈታል፤ ቀስቶቹ የቆሙበትንም ፎቶ ያነሣል። ዳሽቦርዱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ ከተከፈተ በብዙ መኪኖች የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀራል፤ እሱን ለማጥፋት ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ ሌላ ወጪ ነው።

ቀስቱ በጉልበት ተስቦ ዘንጉ ከተሰበረ «ከአሮጌ መኪና ሙሉውን አምጥተን እንግጠም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። በብዙ መኪኖች የተሄደው ኪሎ ሜትር የሚቀመጠው እዚያው ውስጥ ነው፤ የተገጠመው የሌላ መኪና ቁጥር ይዞ ይመጣል። ኪሎ ሜትሩ በዓመታዊው ቴስት ስለሚመዘገብ ልዩነቱ አይደበቅም። መኪናዋን ሲሸጡም ለገዢው ሳይነግሩ ቢቀሩ በማጭበርበር ሊያስጠይቅዎ ይችላል።

መኪናዋን ሲረከቡ ቁልፉን ይክፈቱና መብራቶቹን ይቁጠሩ። የዘይት፣ የሙቀትና የኤርባግ ምልክቶች ለጥቂት ጊዜ መብራት አለባቸው፤ አዲሱ ሰሌዳ ቀዳዳቸውን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ልጅዎ ይንዳ፣ እርስዎ ከጎኑ ተቀምጠው ዌይዝ የሚያሳየውን ፍጥነት በ50 እና በ90 ላይ ከቀስቱ ጋር ያስተያዩ። ቀስቱ ከስልኩ ካነሰ ለሠራተኛው በዚያው ቀን ይመልሱለት። የነዳጁን ቀስት ለመፈተን ደግሞ ታንኩን አንዴ መሙላት ይበቃል።