«በጥናት ተረጋግጧል» ሲሉን ምን እንጠይቅ?

«ክትባት ልጅን ለኦቲዝም ይዳርጋል፣ በጥናት ተረጋግጧል» የሚል የድምፅ መልእክት ስልካችሁ ላይ ደርሶ ይሆናል። ልጃችንን ለእናታችን ትተን የወጣን ብዙ ነን። ደውለን «አታስከትቡት» ካልን ደግሞ ቃላችን ይሰማል። ስለዚህ ጥናት የሚባለው ነገር የት እንደሚወጣ ማወቅ አለብን።

ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚያወጡት ጆርናል በሚባል መጽሔት ነው። ማንን እንዳጠኑ፣ ስንት ሰው እንዳዩ፣ እንዴት እንደለኩና ምን እንዳገኙ እዚያ ላይ ይጽፋሉ። ከመታተሙ በፊት የዚያው ሙያ ሰዎች አንብበው ይተቹታል። በአገራችንም አለ፤ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከ1962 (በፈረንጆች) ጀምሮ የራሱን ጆርናል ያሳትማል።

ግን ታተመ ማለት አለቀ ደቀቀ ማለት አይደለም። ያ የክትባት ወሬ የተስፋፋው በፈረንጆች 1998 ላንሴት በተባለ ታዋቂ የእንግሊዝ ጆርናል ላይ ከወጣ ጽሑፍ ነው። ወሬው ስለ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ክትባት ነበር፤ የታዩት ልጆች ግን 12 ብቻ ናቸው። በኋላ ጉድለቱ ሲታወቅ ጆርናሉ ራሱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። በ2019 ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከ650,000 በላይ ልጆችን መዝገብ አይተው ክትባቱ ኦቲዝምን እንደማይጨምር አሳተሙ።

ታዲያ ጆርናል መቼ ይጠቅማል? እንዲህ ያለ ወሬ መነሻውን ስታጣሩ፣ ወይም በርቀት ትምህርት የጥናት ወረቀት ስትጽፉ። ርዕሱ ገና አዲስ ከሆነባችሁ ግን በመማሪያ መጽሐፍ ጀምሩ። ዛሬ ስለወጣ ሕግ ከሆነ ጥናት ለመታተም ብዙ ወራት ስለሚፈጅ ዜና ይሻላል። ለራሳችሁ ሕመም ደግሞ ሐኪም ጠይቁ።

መፈለጊያው ቀላል ነው። ጎግል ስኮላር ላይ ርዕሱን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ሙሉው በክፍያ ቢሆንም ከላይ ያለው ማጠቃለያ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይነበባል፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በስልካችሁ አስተርጉሙት። ሦስት ነገር እዩ፦ ስንት ሰው ታየ? ሌሎችስ ያንኑ አገኙ? ርዕሱ ላይ «ሪትራክትድ» ተብሎ ተጽፏል? ከተጻፈ ተሰርዟል ማለት ነው።

መልእክት የላከላችሁን ሰው «የቱ ጆርናል ላይ ነው? መቼ ወጣ?» በሉት። መልስ ካጣ ወደ ቤት አታስተላልፉት።